የቮልሷ ጅራፍ

ካምፓላ ዝናብ ሲወርድባት ከተማዋ ሁሉ ባለችበት ትቆማለች። ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ሳይክል ታክሲዎች በየሱቁ በረንዳ ይጠጋሉ፤ ታክሲዎች አፍና ጅራት ሆነው ይሰለፋሉ። እንዲህ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አራት ሰዎች በአንዲት አሮጌ ቮልስ ተጨናንቀን የካባላጋላን ዳገት ስንወጣ፣ መኪናዋ ሁለቴ አስነጠሰች፣ አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጡሩምባውን ለቀቀብን።

አንድ ጃንጥላ የያዘ ልጅ ሮጦ መካኒክ ጠርቶልን መጣ። ሰውየው ብዙም አልጠየቀ። የኋላውን ኮፋኖ ከፈተ፤ ጥቁሯን ክዳን ፈልቅቆ አነሳ፤ ከኪሱ የጥፍር ስፋት ያላት የብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ እዚያ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ፈገፈገ። "ፖይንት ነው፣ ሴቦ" አለ ለባለ መኪናው። ሴቦ በሉጋንዳ "ጌታው" እንደ ማለት ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሳ።

ማታ እራት ላይ ጥያቄው መጣ።

"ፖይንት ምንድን ነው?" አለች ከመሀላችን አንዷ።

"እኛ አገር ፑንቲና የሚሉት ነው" አለ ባለ መኪናው፣ ሁሉን አስረድቶ እንደ ጨረሰ ሰው።

"እሺ፣ ፑንቲናስ ምንድን ነው?"

እዚህ ላይ ገበታው ዝም አለ። ቃሉን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ነገሩን ግን በእጁ ይዞ ያየው አልነበረም። የአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ እንዲህ ነው፦ ጣሊያን ሄዶ ቃላቱ ቀርተዋል። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ኮፋኖ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ እንላለን። ካምፓላ ደግሞ በእንግሊዝ በኩል ስላለፈች እነዚያኑ ነገሮች ፕለግ፣ ኮይል፣ ፖይንት፣ ቦኔት ትላቸዋለች። ሁለቱም ከተሞች የየራሳቸውን ስም ይዘው ያችኑ አንዲት ቮልስ ይጠግናሉ። ይህን ያስጻፈኝ ያ የጓደኛችን ጥያቄ ነው። ከዚያ በኋላ ባለ መኪናው ፑንቲናውን አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ ተክቶታልና የዚያንም ነገር እነግራችኋለሁ። እኔ በበኩሌ ነገሩ ከገባኝ ጀምሮ ዝም ማለት አቅቶኛል።

ጅራፍና ቦቢና

ቤንዚን የሚበላ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ የተደባለቀ አየርና ቤንዚን ያምቃል። የታመቀው ድብልቅ በትክክለኛዋ ቅጽበት እሳት ካልነካው መኪናው አይሄድም። እሳቱን የምትለኩሰው ካንዴላ ናት። ጫፏ ላይ ከ1 ሚሊሜትር የምታንስ ክፍተት አለች፤ ኤሌክትሪክ ያቺን ክፍተት ዘሎ ሲሻገር ብልጭ ይላል። በታመቀ ጋዝ መሀል ለመዝለል ግን ብዙ ጊዜ 10,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ባትሪው ያለው 12 ብቻ ነው።

አስራ ሁለቱን ወደ ሺዎች የሚያደርሰው ቦቢና ነው። መሀሉ ላይ ብረት አለ፤ በብረቱ ዙሪያ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ተጠምጥመዋል። አንደኛው ወፈር ያለ፣ ጥቂት መቶ ዙር ብቻ የተጠመጠመ ነው። ሁለተኛው ከፀጉር የቀጠነ፣ ዙሩም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንዳሳየው፣ በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት ኃይል ሲለዋወጥ በሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። "ሲለዋወጥ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ማግኔቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ባለበት ከረጋ ምንም አይወለድም።

አሁን ወደ ቡሄ እንሂድ። ልጅ ሆናችሁ ጅራፍ አጩኻችሁ ታውቃላችሁ? ጅራፉን በራሳችሁ ላይ ስታሽከረክሩት ሹው ይላል እንጂ አይጮህም። ጧ የሚለው ሽክርክሪቱን ድንገት አቋርጣችሁ ወደ ኋላ ስትመልሱት ነው። ያኔ በወፍራሙ ግንድ ላይ የነበረው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይሮጣል፤ ጫፉ ቀላል ስለሆነ ፍጥነቱ ይጨምርና ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። የሰማችሁት ጩኸት ያ ነው።

ቦቢና የኤሌክትሪክ ጅራፍ ነው። በወፍራሙ ሽቦ 4 አምፔር ያህል ሲያልፍ በብረቱ ዙሪያ የማግኔት ኃይል ይጠራቀማል፤ ይህ ማሽከርከሩ ነው። ከዚያ መንገዱ በድንገት ይቆረጣል። የተጠራቀመው ኃይል በቅጽበት ይፈርሳል፣ ወፍራሙ ሽቦ ላይ ከ200 እስከ 300 ቮልት ይዘላል፣ ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ ዙሩ መቶ እጥፍ ገደማ ስለሆነ ያንኑ መቶ ጊዜ ያህል አባዝቶ ከ20,000 በላይ ያደርሰዋል። ቀጭኑ ጫፍ ጮኸ ማለት ነው።

ስለዚህ ብዙ ሰው በተቃራኒው የሚያስበውን ነገር ልብ በሉ። ብልጭታው የሚወለደው ሲገናኝ አይደለም፤ ሲለያይ ነው።

የሚለያየው ማን ነው?

ያ ካባላጋላ ላይ የተፈገፈገው ትንሽ ነገር ነው። ፑንቲና ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የብረት ጥርሶች ናቸው፤ አንዱ ቋሚ፣ ሌላው በስፕሪንግ የተገፋ ክንድ ላይ ያለ። ሲነካኩ የቦቢናው ጅረት ያልፋል፤ ሲላቀቁ ይቆረጣል። የሚያላቅቃቸው በጥቁሯ ክዳን ሥር ባለው፣ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር መሀል የሚዞር ዘንግ ነው። ዘንጉ ላይ አራት ጉብታዎች አሉ፣ ለአራቱ ሲሊንደር አንድ አንድ። ከክንዱ ጋር የተያያዘች ትንሽ ጫማ በጉብታው ላይ በወጣች ቁጥር ጥርሶቹ ይከፈታሉ። ሲከፈቱ በመሀላቸው የሚኖረው ርቀት በቮልስ ላይ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ እንደ መታወቂያ ካርድ ያለ ነገር ከዚያ ይወፍራል።

በመካከላቸው አንድ ዝምተኛ ረዳት አለ፤ ኮንደንሰር። ጥርሶቹ መላቀቅ ሲጀምሩ ጅረቱ "አልቆረጥም" ብሎ በመሀላቸው እሳት ሆኖ ለመሻገር ይሞክራል። ያ ከሆነ መቆረጡ ድንገተኛ መሆኑ ይቀራል፤ ጅራፉን ቀስ ብሎ እንደ መመለስ ነው፣ አይጮህም። ኮንደንሰሩ ያንን የመጀመሪያ ግፊት ለአፍታ ወደ ራሱ ይቀበልና ጥርሶቹ ርቀው እስኪከፈቱ ፋታ ይሰጣቸዋል። ፑንቲና ቶሎ ቶሎ ሲበላ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ይህ ረዳት ነው።

አሁን ቁጥሩን እዩልኝ። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ግማሹን፣ 2,000 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ዙር አራት ብልጭታ ነውና በደቂቃ 8,000፣ በሰከንድ 133 ይሆናል። ከአንዱ ብልጭታ እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ 7.5 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ቦቢናው የሚጠራቀምበት ጊዜ 4 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ከካምፓላ ጂንጃ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ጭንቅንቅ ሁለት ሰዓት ቢፈጅና ሞተሩ በአማካይ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ቢዞር፣ ያቺ ትንሽ ፑንቲና ጂንጃ ስትደርስ 600,000 ጊዜ ተከፍታ ተዘግታለች።

ይህን ብልሃት ለመኪና ያበጀው ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ የሱቅ ገንዘብ መቀበያ ማሽንን በኤሌክትሪክ ያስኬደ ሰው ነው፤ በ1909 ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ ከባልደረባው ጋር አቋቋመ። ብልሃቱ በ1910 ሞዴል ካዲላክ ላይ ወጣ፤ ያው ሰው በ1912 ሞዴል ላይ ደግሞ ሞተሪኖን ጨመረበት፣ ሰዉም በእጅ እያዞሩ ከማስነሳት ተገላገለ። ከዚያ ወዲያ ስልሳ ዓመት ያህል የዓለም ቤንዚን መኪና አብዛኛው በኬተሪንግ ፑንቲና ነው የተነዳው፦ የአዲስ አበባ ሴቼንቶ ታክሲም፣ ላንድሮቨርም፣ ቮልስም።

ለምን ይደክማል?

የፑንቲና ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከአንድ ነገር ነው፦ መነካካት አለበት።

በመጀመሪያ ይቃጠላል። ኮንደንሰሩ ቢያግዘውም በተላቀቀ ቁጥር ጥቂት እሳት በጥርሶቹ መሀል ያልፋል። ከአንዱ ጥርስ ብረት እየተነሳ ሌላው ላይ ይለጠፋል፤ አንዱ ይጎደጉዳል፣ ሌላው ያጎነቁላል። በየጊዜው የብርጭቆ ወረቀት የሚፈልገው ለዚህ ነው። ካምፓላ ላይ ይህ ይብሳል፤ መንገድ ሲዘጋ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ሆኖ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ዘንጉ ቀስ ብሎ ሲዞር ጥርሶቹም ቀስ ብለው ስለሚላቀቁ እሳቱ ረዘም ይላል።

ሁለተኛ፣ ጫማዋ ትበላለች። ጉብታው ላይ ስትፈገፈግ ውላ ስታጥር ክፍተቱ ይጠባል፤ ጥርሶቹም ዘግይተው ይከፈታሉ። ብልጭታው በዘገየ ቁጥር ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል። ይህ የሚሆነው በአንድ ቀን ሳይሆን በወራት ነው፤ ሹፌሩ ይለምደዋል። "መኪናዬ አርጅታለች" የሚሉ ብዙ ሰዎች መኪናቸው ያረጀችው በ0.1 ሚሊሜትር ነው።

ሦስተኛ፣ እርጥበትና አቧራ አለ። ካምፓላ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ናት። በዓመት ሁለቴ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር አካባቢ፣ ዝናቡ ይበረታል። በመሀል ያለው ደረቅ ጊዜ ደግሞ ያን ቀይ አቧራ ያስነሳል። ሁለቱም ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር መግቢያ አያጡም።

ይህን ሥቃይ በደንብ የሚያውቁት በዚህ አገር በኩል ያልፉ የነበሩ የራሊ ሰዎች ናቸው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መድፋት ለማክበር ሲጀመር መንገዱ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያዳርስ ነበር። ቪክ ፕሬስተን በ1954 አንደኛ የወጣው በቮልስ ነው። ካምፓላ ውስጥ በ1945 የተወለደው ሼካር ሜህታ ደግሞ ውድድሩን አምስት ጊዜ አሸንፏል፦ በ1973 በዳትሰን 240ዜድ፣ ከዚያ ከ1979 እስከ 1982 በተከታታይ አራት ዓመት። ከመጀመሪያው ድሉ እስከ መጨረሻው ያለውን ጊዜ አስተውሉ። የዓለም መኪና ሠሪዎች ፑንቲናን እየተዉ ወደ ኤሌክትሮኒክ የዞሩትም በነዚያው ዓመታት ነው። ክራይስለር በ1973 አሜሪካ ውስጥ ለሚሠራቸው መኪኖቹ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ አደረገ፤ ሌሎቹ ተከተሉ።

ሳይነካ የሚቆርጥ

ኤሌክትሮኒኩ ምን ለወጠ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቦቢናው አለ፣ ካንዴላው አለ፣ ጅራፉ ያው ጅራፍ ነው። የተለወጠው የሚቆርጠው እጅ ብቻ ነው።

የሚቆርጠው አሁን ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተር በ1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተፈጠረ፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ትንሽ ምልክት ሲሰጡት ትልቅ ጅረት ያሳልፋል፤ ምልክቱ ሲቀር ይቆርጣል። ጥርስ የለውምና የሚቃጠል ጥርስ የለም፤ ጫማ የለውምና የሚያጥር ጫማ የለም።

ግን "አሁን ቁረጥ" የሚለው ማን ነው? የተለመደው መልስ ኤድዊን ሆል ከተባለ የጆንስ ሆፕኪንስ ተማሪ የመጣ ነው። ሆል በ1879 በስስ የወርቅ ቅጠል ውስጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ማግኔት ቢያስጠጋበት፣ በቅጠሉ ግራና ቀኝ ጠርዝ መሀል ትንሽ ቮልት ብቅ አለች። ማግኔቱ ሲርቅ ጠፋች። ያን ጊዜ ብዙም ጥቅም ያልነበረው ይህ ግኝት ዛሬ ከጥፍር ባነሰች ቺፕ ውስጥ ተቀምጧል። አራት ማግኔት የተቀበረበት ቀለበት በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ይደረጋል፤ ማግኔት በቺፑ ፊት ባለፈ ቁጥር ትራንዚስተሩ ትእዛዝ ይደርሰዋል። በመሀላቸው አየር ብቻ ነው ያለው።

ዓይነቱ አንድ ብቻ አይደለም። ፑንቲናውን ሳያወጡ ትንሿን ምልክት ብቻ እንዲሰጥ አድርገው ከባዱን ጅረት ለትራንዚስተር የሚያሸክሙ አሉ። በማግኔት ፈንታ በብርሃን የሚያዩም አሉ። ዲስትሪቢዩተሩን እንዳለ ቀይረው የብልጭታውን ጊዜ በኮምፒውተር የሚያስተካክሉም አሉ። አንደኛው ግን ከሁሉም ይልቅ ካምፓላን ሞልቷታል፤ በየበረንዳው ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቁት ቦዳ ቦዳዎች የሚይዙት ሲዲአይ። የቦዳ ቦዳው ባጃጅ ቦክሰር ፑንቲና የለውም። ሲዲአይ ከሌላ አቅጣጫ ነው የሚሠራው፤ ጅረት አሳልፎ ድንገት ከመቁረጥ ይልቅ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በካፓሲተር ውስጥ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ወደ ቦቢናው ይለቀዋል። ቦቢና ጅራፍ ከሆነ ሲዲአይ ወንጭፍ ነው። ያን ቀን ካባላጋላ ላይ ቆመን ስንበሰብስ በየበረንዳው የተጠጋው ቦዳ ሁሉ እኛ ያጣነውን ነገር በኮርቻው ሥር ይዞ ነበር!

አንድ ቅዳሜ በካትዌ

አሮጌ መኪና እዚህ የሚንከባከቡት ያለምክንያት አይደለም። ኡጋንዳ ዕድሜው ከ15 ዓመት ያለፈ መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2018 በሕግ ከልክላለች፤ ኢትዮጵያም በ2024 መጀመሪያ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ አድርጋለች። ያለችውን ቮልስ መያዝ ነው እንግዲህ። ባለ መኪናው ፑንቲናውን ለመተካት ሲወስን ዕቃው የተፈለገው በኪሴካ የመለዋወጫ ገበያ ነው፤ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው ኪሴካ ሲገባ ቤቱ የደረሰ ይመስለዋል። ሥራው ደግሞ ካትዌ፣ ብረት ሲቀጠቀጥና ሲበየድ በሚውልበት ሰፈር ተሠራ።

የካትዌው መካኒክ ዕቃውን ከማሸጊያው ሳያወጣ ሦስት ነገር ጠየቀ። እነዚህን የማይጠይቅ ሰው መኪናችሁን እንዳይነካ።

የመጀመሪያው፦ ባትሪው ስንት ቮልት ነው? የቆዩ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ፤ ለ12 የተሠራ ሞጁል፣ ማለትም ቺፑና ትራንዚስተሩ የታሸጉበት ዕቃ፣ እዚያ አይሠራም። ሁለተኛው፦ ከቦዲው ጋር የታሰረው የባትሪው የትኛው ጫፍ ነው? ዛሬ ማሳው ኔጌቲቭ ነው፤ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ግን ፖዘቲቭ ነበር። ኡጋንዳ ውስጥ አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ሞሪስ ማይነር ያለው ሰው ይህን ሳያጣራ ቢያያይዝ ሞጁሉ በዚያው ቅጽበት ይሞታል። ሦስተኛው፦ ቦቢናው ስንት ኦም ነው? ቴስተሩን በሁለቱ ትናንሽ ጫፎች ላይ አስደግፎ 3 ኦም ገደማ አገኘ። 12 ቮልት ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር ነው፤ ለሞጁሉ ልኩ ነው። ቦቢናው 1.5 ኦም ቢሆን ኖሮ 8 አምፔር ይሆንና ሞጁሉ ይጠበስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከማስረዳቱ ያጥራል። የባትሪውን ኬብል ፈታ። ክዳኑን አነሳ፣ ከሥሩ ያለውን ሮተር ሳበ። ፑንቲናውን የያዘችውን አንዲት ቪቴ በካቻቢቴ ፈታ፣ ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን አወጣ። ሞጁሉ በዚያችው ቪቴ ቀዳዳ ላይ ተቀመጠ። የማግኔቱ ቀለበት በጉብታዎቹ ላይ ልክክ አለ፤ ሮተሩ ከላዩ ተመለሰ። ሁለት ሽቦዎች በኮንደንሰሩ ሽቦ መውጫ ወጡ፦ ቀዩ ቦቢናው ላይ 15 ወደሚለው፣ ጥቁሩ 1 ወደሚለው። ቮልስ ላይ ቁጥሮቹ ተጽፈዋል፤ 15 ከቁልፉ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው። ሁለቱን ማምታታት አሁንም ሞጁሉን ይገድላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። ፑንቲናው የሚከፈትበትና ቺፑ ማግኔቱን የሚያይበት ቅጽበት አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ታይሚንጉ፣ ማለትም የብልጭታው ጊዜ፣ ተዛብቷል። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ፣ በብልጭታው ልክ የሚበራውን የታይሚንግ መብራት ፑሌጃው ላይ አበራ። በሚሽከረከረው ፑሌጃ ላይ ያለችው ምልክት በመብራቱ ውስጥ ባለችበት የቆመች ትመስላለች። ዲስትሪቢዩተሩን በእጁ ጥቂት እያዞረ ምልክቷን ቦታዋ አደረሳትና ብሎኑን አጠበቀ። ድሮ ያቺ ምልክት ወዲያ ወዲህ ትወዛወዝ ነበር፤ አሁን እንደ ተሰፋች ቆመች። ልዩነቱን በዓይን ያየነው እዚህ ላይ ነው።

የማያደርገው

ማጋነን አልወድም። ኤሌክትሮኒክ ፈረስ ጉልበት አይጨምርም። ደህና በተስተካከለ ፑንቲናና በኤሌክትሮኒክ መካከል የመጀመሪያው ቀን ላይ ብዙ ልዩነት አይሰማችሁም። ልዩነቱ የሚመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ፑንቲናው ሲደክም ኤሌክትሮኒኩ እንደ መጀመሪያው ቀን ይሆናል።

ሌላውን በሽታም አይፈውስም። የተሰነጠቀ ክዳን ዝናብ ሲጥል ያስነጥሳል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ብልጭታውን እንደ ፍጥነቱ የሚያስቀድሙት ክብደቶችና ስፕሪንጎች ዝገው ከተያዙ እንደተያዙ ይቀራሉ። ቆሻሻ ካርቡራቶርም ቆሻሻ ካርቡራቶር ነው። የካንዴላ ገመዶቻችሁ የጫጫታ ማፈኛ የሌላቸው የመዳብ ገመዶች ከሆኑ ደግሞ የሚረጩት የሬዲዮ ጫጫታ ቺፑን ያሳብደዋል።

የአሟሟታቸውም ነገር አለ። ፑንቲና እያማረረ ነው የሚሞተው፤ ያስነጥሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ሳምንት ያስጠነቅቃል፣ ዝናብ ላይ ቢጥላችሁም በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ሞጁል ግን ድምፅ ሳያሰማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞታል፤ የሚፈገፈግ ነገርም የለውም። እኔ ራሴ ከዚህ በፊት ለሌላ መኪና ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛኋት፣ ስሙ የታወቀ ማሸጊያ ውስጥ ያለች አስመሳይ ሞጁል ሁለት ሳምንት አልሞላትም። ሞተር ጠፍቶ ቁልፉን ክፍት አድርጎ ሬዲዮ መስማትም ለብዙዎቹ ሞጁሎች መርዝ ነው፤ ጅረቱ ሳይቆረጥ በላያቸው ሲያልፍ ይቆያል።

ስለዚህ መካኒኩ በመጨረሻ ያደረገውን አድርጉ። አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ጠራርጎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከአንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ጋር ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። "ይሄ ኢንሹራንስህ ነው፣ ሴቦ" አለው። በየትም ቦታ ሞጁሉ ቢሞት ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ወደ 1910 ተመልሶ ቤቱ ይገባል።

ያልነገርኳችሁ

ፑንቲናው ከመነቀሉ በፊት የሆነ አንድ ነገር ዘልያለሁ።

ያ ቅዳሜ ጓደኛችን፣ ጥያቄ የጠየቀችው፣ አብራን ካትዌ ነበረች። እኔ ስለ ጅራፉ ደግሜ ደጋግሜ ሳወራ "እሺ፣ አሳየኝ" አለች። መካኒኩ ሳቀና ቁልፉን እንዲከፍቱለት አደረገ፤ ጥርሶቹ እንደተነካኩ ነበሩ። ከቦቢናው መሀል የሚወጣውን ወፍራም ገመድ ጎማ በተሸፈነ ፕላየር ይዞ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጥቂት ሚሊሜትር አራቀው። ይህን እቤት እንዳትሞክሩት፤ የቦቢና ምት ቀልድ አይደለም፣ ቤንዚን የሚሸትበት ቦታ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ለእሷ የጥርስ መፋቂያ የምታህል እንጨት ሰጣት።

ጎንበስ ብላ እንጨቷን በጥርሶቹ መሀል አስገባችና አላቀቀቻቸው። ገመዱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ጧ አለ። እንጨቷን አወጣች፤ ጥርሶቹ ተገናኙ፣ ምንም የለም። እንደገና አላቀቀች፤ ጧ! አራት አምስት ጊዜ ደጋገመችው፣ ጅራፍ እንደ ያዘ የቡሄ ልጅ።

"ሲለያዩ ነው!" አለች ቀና ብላ።

ከዚያ በኋላ የተገጠመው ጥቁር ሞጁል ከፑንቲናው በብዙ ይሻላል። ቮልሷም ከዚያ ወዲህ ካባላጋላ ዳገት ላይ አስነጥሳ አታውቅም። እንዲህ በእንጨት ከፍቶ የሚታይ ነገር ግን የለውም። የቀየራችሁ እንደሆነ ከመንቀላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ክዳኑን አንስታችሁ እዩት።